የማይታመሙ ጥርሶች

ልጄ የጥርስ ሐኪም እንዳልሆነች ያወቅሁት በአደባባይ ነው፤ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ፣ አውቶቡስ ከኋላ ከኋላ ተደርድሮ፣ የሰፈራችን ሰው ግማሹ ከቀይና ነጩ ገመድ ወዲህ ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ ሲሰማ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የሐኪም አባት ነበርኩ። በከተማችን በፔታሕ ቲክቫ ጎዳና ደረቴን ነፍቼ ተራምጃለሁ። ነገሩ ቢያስቅም፣ በእኔ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧልና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስሜ ይርጋ ነው። ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣሁት ጎረምሳ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሮሽ ሃዓይን በምትባል ከተማ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ ጆሯችንን ደፍነን በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው። ከባለቤቴ ከስንዱ ጋር ሦስት ልጆች ወልደናል። የመጨረሻዋ ኖጋ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ወታደርነቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

በእኔና በእሷ መካከል ፍቅር ሞልቶ ተርፏል፤ የጎደለን ቋንቋ ነበር። የእኔ ዕብራይስጥ የፋብሪካ ዕብራይስጥ ነው፤ «አንሣ፣ አውርድ፣ ማሽኑ ቆመ» ይላል እንጂ ከዚያ ርቆ አይሄድም። የእሷ አማርኛ ደግሞ የወጥ ቤት አማርኛ ነው፤ «ብላ፣ በቃኝ፣ ጨው አነሰው» ላይ ያልቃል። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ያሳደግናት።

ታዲያ ለሁለተኛ ዲግሪ የተመዘገበች ሰሞን፣ «ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?» ብዬ ጠየቅኋት። ረጅም ነገር አወራችኝ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጥርት ብላ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ሺናይም»፣ ጥርስ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ጥርስ የተማረ ሰው የጥርስ ሐኪም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በዚያው ምሽት ለስንዱ ነገርኳት፣ እልል አለች። ሰንበት ላይ ምኩራብ ውስጥ ነገርኩ፣ ተመረቅሁ። ፋብሪካ ውስጥ በምልክት ነገርኩ፤ ጥርሴን አሳየሁ፣ ወደ ሰማይ ጠቆምኩ፣ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ሰው አፉን ይከፍትልኛል። «ይቺ ከኋላ ያለችው ትነዘንዘኛለች፣ ለልጅህ ንገርልኝ» ይለኛል። «ትንሽ ትታገሥ፣ ልትጨርስ ነው» እላለሁ።

ከሁሉም የተደሰቱት ጎረቤታችን አያ ፈረደ ነበሩ። አያ ፈረደ የስሜን ሰው ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ የምኩራባችን ሽማግሌ። የግራ መንጋጋቸውን ካመማቸው ሰነባብቷል። ልጆቻቸው ክሊኒክ እንውሰድዎ ቢሏቸው፣ «ያንን የሚያፏጭ ብረት አፌ ውስጥ የሚከት ባዳ አልፈልግም። የይርጋ ልጅ እስክትደርስ እጠብቃለሁ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሲብስባቸው ቅርንፉድ ይነክሳሉ። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ደረሰች?» ይሉኛል። «ትንሽ ቀራት» እላለሁ።

ያቺ ቀን ረቡዕ ነበረች። እኔ ረፍት ነበርኩ፤ ኖጋም እኛ ዘንድ አድራለች። ከሰዓት በፊት ቴል አቪቭ ደርሳ መምህራን ፊት መቅረብ አለባት። ለአንድ ጉዞ ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ሰው ብቻ ሊመርጡ ነው አለችኝ።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«አፍሪካ» አለች።

«መቼም አፍሪካ ጥርስ የሚያመው ሰው አይጠፋም» አልኳት። ሳቀች። የቀለድኩ መስሏት ነው።

እጀታ ያለው ጠንካራ ጥቁር ሻንጣ ይዛ ነበር። ከእጇ ተቀበልኳት። «አባ፣ ቀስ! የዓመት ድካሜ ነው እዚያ ውስጥ ያለው» አለችኝ በዕብራይስጥ። የሐኪም መሣሪያ መሆኑ ነው ብዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው ወረድን።

ለእሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበር። የዋዜማው ምሽት አያ ፈረደ ዘንድ ደውዬ፣ «ነገ ጠዋት ፌርማታው ጋ ይምጡ፤ ሳትሄድ ታይልዎታለች» ብያቸው ነበር።

ስንደርስ ቀድመውን ደርሰዋል። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከሩቅ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላሉ።

«እንዴት አደርሽ ዶክተር» አሉና አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

ኖጋ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «አባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ጥርሳቸውን አሟቸዋል። እስቲ እያቸው።»

እምቢ ትላለች ብዬ ሰግቼ ነበር። እሷ ግን የስልኳን መብራት አብርታ ጎንበስ አለች። «አንተ… አፍህን ክፈት። ዘንበል በል» አለቻቸው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌን «አንተ» ስትል እኔን ላብ አጠመቀኝ። አያ ፈረደ ግን «ሐኪም አንቱታ አያውቅም» ብለው አፋቸውን ይበልጥ ከፈቱ።

ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ «ያምራል» አለች።

«ምኑ?»

«ቅርጹ። ግን ይሄኛው ታሟል። ሐኪም ያስፈልጋቸዋል፣ ዛሬውኑ።»

ታዲያ አንቺ ምንድን ነሽ ልላት ስል፣ አያ ፈረደ አፋቸውን ሲገጥሙ መንጋጋቸው ተነካ መሰለኝ «ወይኔ!» ብለው ተንገዳገዱ። «ያላ፣ እንሂድ፤ ፋርማሲ ወስደን ማስታገሻ እንግዛላቸው» አለች ኖጋ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ደግፈናቸው መንገዱን ተሻገርን። ልጄ እንዴት ያለች ርኅሩኅ ሐኪም ናት እያልኩ እሄዳለሁ። ሻንጣው? ሻንጣውን ከአግዳሚው ወንበር ሥር ያስገባሁት እኔው ነኝ። እዚያው ቀረ።

ፋርማሲው ውስጥ ወረፋ ነበር። መድኃኒቱን ገዝተን፣ አያ ፈረደም በውኃ ውጠው ስንወጣ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። በአንድ በኩል አውቶቡሶች ቆመዋል፤ ሰው ወደ ኋላ እየተገፋ ነው። አንዲት ቀጭን ወጣት ፖሊስ ከመብራት ምሰሶ እስከ ዛፍ ገመድ ትወጥራለች።

«ምን ሆነ?» አልኩት አጠገቤ የቆመውን የአውቶቡስ ሹፌር።

«ሐፌጽ ሐሹድ» አለኝ ተሰላችቶ። የሚያጠራጥር ዕቃ ማለቱ ነው፤ እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃታል፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ ሲገኝ ፈንጂ ሊሆን ይችላል ተብሎ መንገድ ይዘጋል። «አንዱ ደደብ ሻንጣ ወንበር ሥር ጥሎ ሄዷል።»

ባዶ እጄን አየሁ። ኖጋ ግን ሮጣ ገመዱ ጋ ደርሳለች።

«የእኔ ነው!» አለች።

«የኔ ነው!» ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ።

ፖሊሷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። «የማን ነው?»

«የእሷ ነው፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጥርስ» አለች ኖጋ።

«ምን?»

«ጥርሶች።»

«የማን ጥርስ?»

ኖጋ ትንሽ አሰበች። «የብዙ… የሞቱ።»

የፖሊሷ እጅ ወደ ሬዲዮዋ ሄደ። አሁን ነው ልጄን ማዳን አልኩና፣ «ሐኪም ናት! የጥርስ ሐኪም!» ብዬ ባለኝ ዕብራይስጥ ሁሉ ጮህኩ።

«የጥርስ ሐኪም ነሽ?» አለቻት ፖሊሷ።

«አይደለሁም።»

«ናት!» አልኩ። «ልትመረቅ ነው!»

«አባ!»

ፖሊሷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እሱ ሐኪም ናት ይላል፣ አንቺ አይደለሁም ትያለሽ። ሻንጣው የእሱም ነው የአንቺም ነው። ውስጡ የሞተ ሰው ጥርስ አለ። በሰደር፣ ይሁን። ሐብላኑ እስኪመጣ ማንም አይጠጋም።» ሐብላን የሚሉት ፈንጂ የሚያመክነውን ባለሙያ ነው። «ከተጠራጠረ ሻንጣውን ተኩሶ ይመታዋል» አለች ጨምራ።

ኖጋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ከመታው አለቀልኝ» አለች። «የጥርሶቹን ቅጂ ግማሹን ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ግማሹ ከመምህሬ የተዋስኩት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባ፣ ሐኪም ናት ያለህ ማን ነው?»

«አንቺ! ‹ሺናይም› አላልሽኝም?»

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። በዕብራይስጥ መዓት አወረደችብኝ፤ ከዚያ ድንገት አቋረጠችው። ዓይኔን አየች። ከዚያ በፊት አድርጋ የማታውቀውን ነገር አደረገች፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ ስለ ትምህርቷ በአማርኛ ነገረችኝ።

«አባ። እኔ… የድሮ ጥርስ። በጣም የድሮ። ከመሬት ውስጥ። ሰው… ሰው ገና…»

«ሰው ገና ሰው ሳይሆን?» አልኳት።

«ኬን! አዎ፣ እሱ! የማን እንደሆነ… ጥርሱን አይቼ እለያለሁ።»

ይኼን ሁሉ ሰው ሰምቷል። ከምኩራብ የማውቃቸው፣ ልጅህ ደረሰች ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ሁሉ እዚያ ነበሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምርጫዬ ነበር። ቀድመው የተናገሩት አያ ፈረደ ናቸው።

«እንግዲህ ይቺ ልጅ ሐኪም ካልሆነች፣» አሉ ጉንጫቸውን ይዘው፣ «የኔን ጥርስ ማን ሊነቅለው ነው?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ያን ያህል አፍሬ ሳለ እኔም ሳቅሁ። ኖጋም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሐብላኑ ሌላ ቦታ ተጠርቶ ስለነበር ቶሎ አልመጣም። መሄጃ የለም፤ ሁሉም ቆሞ ሻንጣውን ከሩቅ ያያል። አያ ፈረደ ማስታገሻው ሠርቶላቸው መሰለኝ ወሬ አማራቸው።

«ለመሆኑ የሞተ ሰው ጥርስ ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

ኖጋ ወደ እኔ አየች። «አባ፣ አንተ ንገራቸው። እኔ እላለሁ፣ አንተ በአማርኛ።»

እንዲህ ሆኜ አስተርጓሚ ሆንኩ። እሷ በዕብራይስጥ ትጀምራለች፣ ያልገባኝን እጠይቃታለሁ፣ በእጇ ታሳየኛለች፤ የእጅ ምልክት ደግሞ እኔን ማን ይችለኛል። ሲገባኝ ወደ ሕዝቡ ዞሬ እናገራለሁ።

«ሰው ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፤ አጥንቱም አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል፤ ጥርስ ግን ይቀራል ትላለች። ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው የጥርስ ነጩ ልባስ ነው። ስለዚህ የጥንቶቹን ዘመዶቻችንን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኛቸው በጥርሳቸው ነው።»

«እና ጥርስ አይቶ ሰውየውን ማወቅ ይቻላል?» አለች ጋሪ የምትገፋ አንዲት የኤም ሃሞሻቮት ሰፈር እናት። እሷም የኛ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ግን እንደ ኖጋ ነው።

ኖጋ የስልኳን ፎቶ አወጣች። «ኒቪም» አለችና ከንፈሯን ገልጣ የሾለችውን ጥርሷን በጣቷ ነካች።

«ክራንቻ!» አልኩ።

«ክራንቻ» ብላ ደገመችው። ወንድ ዝንጀሮ ክራንቻው እንደ ሰይፍ ነው፤ የእኛ ወገን ክራንቻ ግን በጊዜ ብዛት እያጠረ መጣ፤ ስለዚህ አጭር ክራንቻ ያለው ጥንታዊ መንጋጋ ሲገኝ ልብ ይዘላል አለች። ይኼን ተርጉሜ ሳልጨርስ አያ ፈረደ ምርኩዛቸውን አነሡ።

«እውነቷን ነው! ስሜን ላይ ጭላዳ ሲቆጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የላይ ከንፈሩን ገልብጦ፣ እንዲህ አድርጎ!» ብለው አሳዩን። አብሯቸው የታየው ጥርስ ትንሽ ቢሆንም ሰው ሁሉ ገባው። ኖጋ በደስታ አጨበጨበች። ጭላዳ የምትለዋን ቃል ስልኳ ላይ ጻፈች።

ከዚያ መንጋጋ መጣ። መንጋጋ ላይ ያሉት ጉብታዎች ስንት እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተደረደሩ፣ የትኛው ትልቅ የትኛው ትንሽ እንደሆነ አይተው ነው የሚመድቡት። አንዳንዶቹ ዘመዶቻችን መንጋጋቸው እንደ ወፍጮ ሰፊ፣ ልባሱ ወፍራም ነበር፤ ጠንካራ ነገር ሲያኝኩ የኖሩ ናቸው። አያቶቻችን ግን አይደሉም፤ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ዘራቸው ተቋርጧል። አንዲት ጥርስ ብቻ ስትገኝ ደግሞ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ አንዱ የእኛ ወገን ናት ይላል፣ ሌላው አይደለችም ይላል።

«እንደ ዘር ቆጠራ ነዋ» አሉ አያ ፈረደ። «እኛስ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር አልነበረም?»

«አዎ! በጥርስ መቁጠር!» አለች ኖጋ፤ ይኼንን ማንም አልተረጎመላትም።

«ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ ይርጋ» አሉኝ አያ ፈረደ፣ ልጄን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኦሪት አዳምን ነው የሚለው። ይቺ ልጅ ከጭላዳ ተወለዳችሁ ልትለን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ኖጋ ዞረ። እኔም የፈራሁት ይኼንኑ ነበር። ኖጋ ጥያቄው ገብቷታል። «ጭላዳ ሌላ ቤት ነው» አለች በአማርኛ። «አያ ፈረደ፣ እኔ ጥርስ አነባለሁ። አንተ… እርስዎ… ኦሪት ያነባሉ። እኔ ያየሁት ጥርሱን ነው።»

አያ ፈረደ ምርኩዛቸውን እያሽከረከሩ ቆዩ። «መቼም እግዜር ጭቃውን ስንት ዘመን እንዳቦካው ቆሞ ያየ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ቀጥዪ ልጄ።»

ቀጠለች። የልጅ ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ ቀጭን መስመር ይጥላል፤ በማጉያ ሲያዩት ይቆጠራል አለች። ቆጥረው ያ ልጅ በፍጥነት አደገ ወይስ በዝግታ ይላሉ። ከጥንቶቹ ይልቅ እኛ ቀስ ብለን ነው የምናድገው። ይኼንን ወደ ሰው ዞሬ ተረጎምኩ። «የሰው ልጅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ ልጅ ሆኖ ከወላጁ ጋር ይቆያል ትላለች። ጥርሱ ይናገራል ትላለች።» ከዚያ ኖጋን አየኋት። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ ሆና፣ ምን እያሰበች እንደምትውል ገና ያን ቀን ነው መስማት የጀመርኩት።

«ጉዞው ታዲያ ወዴት ነው?» አልኳት ለራሴ ያህል።

«ነግሬህ የለ። አፍሪካ። አፋር።»

«አፋር? የኛው አፋር? ኢትዮጵያ?»

አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ቅጽበት የሐብላኑ መኪና መጣ።

ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ወረደ። ፖሊሷ ጆሮው ላይ አንሾካሾከች። ከባልደረቦቹ ጋር ባለ ጎማ ሮቦት አወረዱ፤ ከፊቱ አፈ ሙዝ አለው። እየተንቀጠቀጠ ወደ ወንበሩ ሄደ። ከሻንጣው ኋላ የራጅ መሣሪያ አስቀመጡ። ሐብላኑ መኪናው ውስጥ ስክሪን ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ኖጋን ጠራት፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ።

«ጥርስ ብቻ ነው ብለሻል። እኔ ግን ባትሪ ይታየኛል።»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ። ኖጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ባትሪ?… ባትሪ የለ…» አለች። እኔ በልቤ ጸሎት ጀመርኩ። ሐብላኑ ወደ ሬዲዮው አጎነበሰ።

«መለኪያው!» ብላ ጮኸች። «የጥርስ ስፋት የምለካበት! ከታች፣ በስተቀኝ፣ በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ትንሽ ክብ ባትሪ አለው።»

ሐብላኑ ስክሪኑን ደግሞ አየ። «ከላይ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሁሉም የሚተልቀው ምንድን ነው?»

«የታች መንጋጋ። የአያቶቻችን አይደለም። ከዋናው የተቀዳ ቅጂ ነው።»

«ከጎኑ ያለችውስ፣ ትንሿ?»

«የወተት ጥርስ። የሕፃን።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የራስ ቁሩን ደፍቶ ራሱ ወጣ። ወደ ወንበሩ ተራመደ። ተንበረከከ። የሻንጣውን መቆለፊያ ከፈተ። ክዳኑን አነሣ። ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሰውየው ለካ እየሳቀ ነው።

ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመልሶ ለኖጋ ሰጣት። «ስንት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ፣ «ሻንጣ ጥርሱን ገልጦ ሲስቅብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ሰው አጨበጨበ። የተሰላቸው ሹፌር ሳይቀር ጥሩምባ ነፋ። ፖሊሷ ገመዱን እየጠቀለለች መጥታ፣ «እስቲ ያንን ክራንቻ አሳዪኝ» አለቻት።

ጊዜው ግን ሄዷል። ኖጋ ለመምህሯ ደውላ ለመነች፤ መጨረሻ ላይ ትቀርቢያለሽ አሏት። ሦስታችንም ታክሲ ይዘን ኪርያት አርዬ ባቡር ጣቢያ ደረስን፣ ባቡር ውስጥ ገባን። አዎ፣ አያ ፈረደም መጥተዋል፤ «ነገሩን ጀምሬ አልተውም» አሉ። በባቡሩ ውስጥ ሻንጣውን ጉልበቷ ላይ ከፍታ አንድ በአንድ አሳየችን። ከእነሱ መካከል ከሮሽ ሃዓይን ብዙም ከማይርቅ ዋሻ የተገኘ ጥርስ ቅጂ ነበረ። ለካ በየማለዳው የፋብሪካው መኪና ይዞኝ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በመዳፌ ያዝኩት። ከእኔ ጥርስ ጋር ያለውን ልዩነት ስፈልግ አያ ፈረደ፣ «የዚህ ሰውዬ ጥርስ ከእኔ ይሻላል» አሉ።

ከአዳራሹ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በሩ ተከፍቶ ኖጋ ስትወጣ ፊቷን አይቼ ተነሣሁ። ሳትናገር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ የወጡት ነጭ ፀጉር ያላቸው መምህርት፣ «እርስዎ ነዎት አስተርጓሚው?» አሉኝ። ለምን እንዳረፈደች ሲጠይቋት ፌርማታው ላይ የሆነውን ሁሉ ነግራቸዋለች፤ እነሱም ለፌርማታው ሰው እንዳስረዳሽው አድርገሽ ለእኛም አስረጂን ብለዋታል። ጭላዳው ሳይቀር ገብቶበታል። «አንድ ተማሪ ነበር የምንፈልገው፣ አግኝተናል» አሉኝ።

አያ ፈረደ ባርኔጣቸውን አውልቀው እዚያው ኮሪደር ላይ መረቁ።

በማግስቱ ኖጋ ራሷ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ሳለች ያ የፈሩት ጥርስ ተነቀለ። አያ ፈረደ ጥርሱን ስጡኝ ብለው ተቀበሉ፣ አጥበው በመሐረብ ጠቅልለው ሰጧት። «ከነዚያ ጋር አኑሪው» አሏት። «ከማን ወገን እንደሆንኩ አንድ ቀን ይነግሩሻል።» ኖጋ የዛሬ ሰዎችን ጥርስ ከጥንቶቹ ጋር ለማመሳከር በምትይዝበት ሳጥን ውስጥ የክብር ቦታ ሰጥታዋለች።

እናንተ ይኼንን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ ልመክራችሁ የምችል ሰው አይደለሁም። ከደረሰብኝ ብቻ ልናገር። ልጄ ሐኪም ባትሆንም ኩራቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ድሮ በስሟ ነበር የምኮራው፣ አሁን በራሷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ይዤ የቀረውን ራሴ ሞልቼ ነበር። ደግሜ ብጠይቃት፣ «አልገባኝም፣ በእጅሽ አሳዪኝ» ብላት ኖሮ በዚያው ምሽት በነገረችኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉዞዋ እስኪደርስ ድረስ አርብ አርብ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። እሷ ዕብራይስጡን ትሰጠኝ፣ እኔ አማርኛውን እሰጣት ነበር። ቃል ሲጠፋን አያ ፈረደን እንጠራ ነበር፣ እሳቸውም ከሌላቸው ሦስታችን ተቀምጠን እንፈጥር ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማዕከልም ጠርቶን ሁለት ጊዜ አብረን አስተምረናል። እኔ፣ የፋብሪካው ይርጋ፣ ሰው ፊት ቆሜ ስለ መንጋጋ ጉብታ ሳወራ ስንዱ ከኋላ ተቀምጣ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ኖጋ አፋር ሄደች። ከእኔ ቀድማ የእኔን አገር አፈር ረገጠች። መጀመሪያ ሰሞን ስትደውል ዕብራይስጡ ይበዛ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን አማርኛዋ ተቃና፤ አብረዋት ከሚቆፍሩት ጋር ማውራት አለባታ። ባለፈው ሳምንት ደወለች። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል።

«አባ፣ ደኅና ነኝ። በልቻለሁ። ዛሬ ጥርስ አገኘን!»

«እልል!» አልኩ። «የማን ነው? ከየትኛው ወገን?»

«ገና አናውቅም!» አለች እየሳቀች። «አባ፣ ገና ምንም አናውቅም!»

እንደዚያ ደስ ብሎት «አላውቅም» የሚል ሰው በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።